የእሳት ማጥፊያ ኬሚካሎች ታሪክ፤ እሳትን የሚገድለውና ጉዳት የሚያመጣው ባሕርይ

የአንድ ከተማ የእሳት ታሪክ ከሕንፃው ታሪክ አይለይም። በትግራይ ደጋ ጥንታዊው ህድሞ በድንጋይ ግድግዳ ቆሞ፣ በወፍራም እንጨት ላይ በተደለደለ አፈር ተከድኖ በሚኖርበት ዘመን፣ ከምድጃ ያመለጠ እሳት የሚበላው ነገር እምብዛም አያገኝም ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1880ዎቹ በመቀሌ ያሠሩት ቤተ መንግሥትም በድንጋይ የታነጸ ነው። ዛሬ ግን በዚያው ከተማ፣ ስሙን ከሰማዕታት ሐውልት ባገኘው በሓወልቲ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ ሁሉ አንድ ፎቅ ብዙ ዓይነት እሳት አቅፎ ይኖራል። ከምድር ቤቱ የጨርቃ ጨርቅና የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለ፤ ከጎኑ ዘይት የሚያፈላ ምግብ ቤት አለ፤ ከላይ ወረቀትና ኮምፒዩተር የሞላበት ቢሮ አለ፤ ከጓሮ በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር ይቆማል። ለዚህ ሁሉ ጠባቂ ሆኖ የሚታየው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመተላለፊያው ግድግዳ የተሰቀለው አንድ ቀይ ሲሊንደር ነው።

ሲሊንደሩ በውስጡ ምን እንደያዘ፣ የያዘውም ነገር እሳትን በምን ኃይል እንደሚያጠፋ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የእነዚህን ኬሚካሎች የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ የመረመረ ሰው ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ያገኛል፤ ይኸውም እሳቱን የሚገድለው ባሕርይና ሰውን፣ መሣሪያን ወይም ምድርን የሚጎዳው ባሕርይ አብዛኛውን ጊዜ አንድና ያው መሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉዳይ በየዘመኑ እየተከተሉ ማሳየትና ለሙያችን የሚያስከትለውን ግዴታ ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እሳት በምን ይቆማል?

እናቶቻችን ድስት የሚጥዱት በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። እሳትም እንዲሁ በሦስት ጉልቻ ይቆማል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። አንደኛው የሚቃጠለው ነገር፣ ሁለተኛው ሙቀት፣ ሦስተኛው በአየር ውስጥ ከመቶ 21 እጅ ያህል የሚሆነው ኦክሲጅን ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተነሣ እሳቱ መቆሚያ ያጣል። የጥንት ሰው በውኃ ሙቀቱን፣ በአፈርና በእርጥብ ጨርቅ አየሩን ሲነሣ፣ ምክንያቱን በሳይንስ ቋንቋ ባይናገረውም ሥራውን በሚገባ ያውቅ ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ከሦስቱ ጉልቻዎች ሌላ አራተኛ ነገር መኖሩ ታወቀ። በነበልባል ውስጥ የሃይድሮጅን አቶምና ሃይድሮክሲል የሚባለው ቅንጣት ይፈጠራሉ። እነዚህ ቅንጣቶች እጅግ ንቁዎች ስለሆኑ አንዱ ሌላውን እየወለደ፣ የተወለደውም ሌሎችን እየወለደ ቃጠሎውን እንደ ሰንሰለት ያስቀጥሉታል። ይህን የሰንሰለት ትምህርት ያስፋፉት ሩሲያዊው ኒኮላይ ሴምዮኖቭና እንግሊዛዊው ሲሪል ሂንሸልውድ በ1956 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ትምህርቱ ለእሳት ማጥፊያ ሥራ ያበረከተው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሙቀቱ ሳይበርድ፣ አየሩም ሳይታገድ፣ ሰንሰለቱን ብቻ በመበጠስ ነበልባልን ማጥፋት ይቻላል።

ውኃና የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች

ከማጥፊያዎች ሁሉ ጥንታዊው ውኃ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ በሚፈላበት ደረጃ ላይ ሳለ ሁለንተናው ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2,257 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወስዳል። እንፋሎት በሆነ ጊዜም መጠኑ 1,700 ጊዜ ያህል ይሰፋል። በቀላሉ ከሚገኙት ፈሳሾች ይህን ያህል ሙቀት የሚጠጣ ሌላ የለም፤ ፍም በያዘ እንጨት፣ በወረቀትና በጨርቅ እሳት ላይ ውኃን የሚተካከል ያልተገኘውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ይኸው መስፋፋት በሚፈላ ዘይት ላይ ጠላት ይሆናል። ውኃው ከዘይቱ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጥና በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ዘይት ወደ ጣራውና ወደ ሰው ፊት ይረጨዋል። ቀልጣፋ አጥፊ ያደረገው መስፋፋት እሳት አሠራጭ ያደርገዋል ማለት ነው።

የእሳት ማጥፊያ ዕቃ ታሪክ የሚጀምረውም ከውኃ ነው። በ1723 አምብሮዝ ጎድፍሬ የተባለ በለንደን የሚኖር ኬሚስት ውኃ የሞላበት በርሜል መካከል ባሩድ አኑሮ፣ ባሩዱ ሲፈነዳ ውኃው በእሳቱ ላይ እንዲበተን የሚያደርግ መሣሪያ አስመዘገበ። በ1810ዎቹ መጨረሻ ደግሞ እንግሊዛዊው ካፒቴን ጆርጅ ዊልያም ማንቢ፣ በኤዲንበርግ ከተማ እሳት በላይኛው ፎቅ ሲነሣ ውኃ በጊዜ ሊደርስ አለመቻሉን ከተመለከተ በኋላ፣ ሰው ተሸክሞት ደረጃ የሚወጣ የመዳብ ዕቃ ሠራ። በውስጡም 3 ጋሎን የፖታሲየም ካርቦኔት ብጥብጥና ወደ ውጭ የሚገፋው የታመቀ አየር ነበረበት። ዛሬ በየግድግዳው የምናየው ሲሊንደር የማንቢ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

በ1866 ፈረንሳዊው ፍራንሷ ካርሊዬ የሶዳና የአሲድ ማጥፊያውን አስመዘገበ። ሶዲየም ባይካርቦኔት በውኃ ተበጥብጦ በሲሊንደሩ ይቀመጣል፤ አሲዱ ለብቻው ይያዛል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይወለድና ብጥብጡን በኃይል ያስወጣዋል። ብዙ ሰው እሳቱን ያጠፋው ኬሚካሉ ነው ብሎ ያምን ነበር። እውነቱ ግን ያጠፋው ውኃው ነበር፤ የኬሚካሉ ሥራ መግፋት ብቻ ነው። የሚገፋው ኃይል የሚወለደው በሚከፈትበት ሰዓት በመሆኑ፣ አሲዱ የበላው አሮጌ ዕቃ በተጠቃሚው እጅ ላይ ሳለ የሚፈነዳበት ጊዜ ነበር። ተገልብጠው የሚሠሩት የዚህ ዓይነት ዕቃዎች በ1969 በአሜሪካ መመረታቸው የቆመው በዚህ አደጋ የተነሣ ነው።

የነዳጅና የኤሌክትሪክ ዘመን

የ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ሁለት አዳዲስ እሳቶች ይዞ መጣ፤ የነዳጅንና የኤሌክትሪክን። ነዳጅ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ውኃ ሲጨመርበት እየነደደ ይሰፋል። በነዳጅ ከተማዋ በባኩ ያስተምር የነበረው አሌክሳንደር ሎራን ይህን ችግር በአረፋ መፍታት እንደሚቻል አስቦ በ1904 ፈጠራውን አስመዘገበ። የሶዲየም ባይካርቦኔትና የአሉሚኒየም ሰልፌት ብጥብጦች ሲደባለቁ የሚወጣው ጋዝ በአረፋ ታስሮ ይቀራል፤ አረፋውም ከነዳጁ ስለሚቀል በላዩ ተንጣሎ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። አየሩን ይከለክላል፤ የነዳጁን ተን ያፍናል፤ በያዘው ውኃም ጥቂት ያበርዳል። ይሁን እንጂ ይህ ውኃ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ፣ ኃይሉ ባልተቋረጠ መሣሪያ ላይ አረፋ የሚረጭ ሰው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። አልኮልም የተራውን አረፋ ውኃ ወደ ራሱ ስለሚስብ አረፋው ፈርሶ ይቀራል።

ለኤሌክትሪክና ለሞተር እሳት መድኃኒት ተብሎ በ1910ዎቹ የተስፋፋው ካርቦን ቴትራክሎራይድ ነበር። ፓይሪን የተባለው ኩባንያ በእጅ በሚገፋ ትንሽ የነሐስ ፓምፕ ሞልቶ ሸጠው። ፈሳሹ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ዕቃ አያርስም፤ በቶሎ ይተንናል፤ ተኑም ከአየር አምስት ጊዜ ያህል ስለሚከብድ በእሳቱ ላይ ተኝቶ ያፍነዋል፤ የነበልባሉንም ሰንሰለት ያውካል። ስለዚህም በየመኪናውና በየቤቱ ገባ። ግን ከባዱ ተን በጠባብ ክፍል ውስጥ በሰውም ላይ ይተኛል፤ ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል። ከጋለ ብረትና ከነበልባል ጋር ሲገናኝም ፎስጂን የተባለውን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለመርዝ ጦር መሣሪያነት ያገለገለውን ጋዝ ሊፈጥር ይችላል። ከእሳቱ ያመለጠ ሰው በማጥፊያው ሊሞት መቻሉ በግልጽ ሲታወቅ፣ ይህ ፈሳሽ ከማጥፊያነት ተወገደ።

በ1924 ዋልተር ኪዲ የተባለው አሜሪካዊ፣ ቤል የስልክ ኩባንያ ለማዞሪያ ጣቢያዎቹ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍና መሣሪያ የማያበላሽ ማጥፊያ በመፈለጉ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያን አቀረበ። ጋዙ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ በወፍራም የብረት ሲሊንደር ይቀመጣል፤ ሲለቀቅ ብዙ መቶ ጊዜ ይሰፋል፤ ከፊሉም ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የቀዘቀዘ በረዶ ሆኖ ይወጣል። ዋናው ሥራው ግን ማቀዝቀዝ ሳይሆን በእሳቱ ዙሪያ ያለውን ኦክሲጅን አሳስቶ ነበልባሉን ማፈን ነው። ካጠፋም በኋላ ተንኖ ስለሚሄድ በወረቀት፣ በፎቶግራፍም ሆነ በኮምፒዩተር ላይ አሻራ አይተውም፤ ለመዝገብ ቤትና ለኤሌክትሪክ ክፍል የተመረጠውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ለነበልባል አየር የሚነሣ ጋዝ ለሳንባ አይራራም። መጠኑ በአየር ውስጥ ከመቶ 10 እጅ ሲያልፍ ሰውን ራሱን ያስታል፤ በዝግ ምድር ቤት የሚጠቀምበት ሰው መውጫውን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ደጅ ላይ ደግሞ ነፋስ ይበትነዋል፤ ፍም ውስጥ ስለማይዘልቅም የጠፋ የመሰለው እንጨት ተመልሶ ይነዳል።

ጨውና ዱቄት

የመቀሌ ታሪክ ከጨው ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ እየተቆረጠ፣ በግመል ተጭኖ፣ በበርሃሌ በኩል ወደ ደጋው ሲወጣ የኖረው አሞሌ በዚህች ከተማ ገበያ ይራገፍ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ በአገራችን ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። ይህን እዚህ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዛሬው ዘመን ከታወቁት የእሳት ማጥፊያ ዱቄቶች አብዛኞቹ በኬሚስትሪ ቋንቋ ጨዎች ናቸው። ይኸው የምግብ ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ክሎራይድ፣ በደቃቁ ተፈጭቶና እንዳይጋገር ታክሞ፣ እንደ ማግኒዚየምና ሶዲየም ያሉ ብረታ ብረቶች ሲቃጠሉ የሚነሰነስ ማጥፊያ ነው። በሙቀቱ እየተጋገረ በብረቱ ላይ ቅርፊት ይሠራል፤ አየሩንም ይከለክላል። በዚህ ዓይነት እሳት ላይ ውኃ የፈሰሰበት እንደሆነ ብረቱ ከውኃው ኦክሲጅኑን ነጥቆ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ሃይድሮጅኑም ፈንድቶ አደጋውን ያብሰዋል።

ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስፋት የገባው ዱቄት ግን ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። በእሳት ውስጥ ሲገባ ተበትኖ ሶዲየም ካርቦኔት፣ የውኃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ እሳቱን የሚያጠፋው ከዱቄቱ የሚወጣው ጋዝ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በኋላ ግን የጋዙ መጠን ለብቻው ይህን ሁሉ ሥራ ሊሠራ እንደማይችል ተረጋገጠ። ደቃቁ ዱቄት ሙቀት ከመጠጣቱም በላይ፣ ከእርሱ የሚለየው ሶዲየም በነበልባል ውስጥ ያሉትን ንቁ ቅንጣቶች እየያዘ ሰንሰለቱን ይበጥሳል። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ተቋም በሶዲየሙ ምትክ ፖታሲየም ያለበትን ባይካርቦኔት ፈትኖ፣ በነዳጅ እሳት ላይ በመጠኑ ሁለት እጅ ያህል ብርቱ ሆኖ አግኝቶታል። ፖታሲየም ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በዳሎል በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጣሊያኖች ፖታስ ያወጡ ነበር።

እነዚህ የባይካርቦኔት ዱቄቶች ነበልባልን በቅጽበት ቢጥሉም ፍምን አያጠፉም። ይህን ጉድለት የሞላው ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ነው። ይህ ዱቄት በሙቀት ሲቀልጥ በሚነደው እንጨት ወይም ወረቀት ላይ እንደ ብርጭቆ ያለ ልባስ ይሠራል፤ ፍሙም አየር ያጣል። በእንጨት፣ በነዳጅና በኤሌክትሪክ እሳት ሁሉ ስለሚሠራ «ኤቢሲ» የሚል ምልክት ይዞ የዓለምን ገበያ ሞላ። በአገራችንም በየመተላለፊያው አዘውትሮ የሚታየው ይኸው ነው። ከፍም ጋር የሚያጣብቀው ባሕርይ ግን ከኤሌክትሮኒክ ሰሌዳና ከአሉሚኒየም ጋርም ያጣብቀዋል፤ እርጥበት ሲያገኝም ብረት ይበላል። እሳቱ ካቃጠለው አንድ ኮምፒዩተር ይልቅ ዱቄቱ የበላቸው አሥር ኮምፒዩተሮች የሚበልጡበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ለእድሳትና ለሙሌት ሥራ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ፎስፌቱ የአሲድ ጠባይ፣ ባይካርቦኔቱ ደግሞ የአልካሊ ጠባይ ስላላቸው በአንድ ሲሊንደር መደባለቅ የለባቸውም። ከተደባለቁና እርጥበት ካገኙ በዝግታ እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ዱቄቱ ይጋገራል፤ የሚወጣውም ጋዝ ከታሰበው በላይ ግፊት ይፈጥራል። «ዱቄት ያው ዱቄት ነው» ብሎ በነበረው ላይ መጨመር፣ ተጠቃሚው በሚያስፈልገው ሰዓት የማይሠራ ወይም የሚፈነዳ ዕቃ ማስረከብ ነው።

ዱቄት የማያበርድ መሆኑም በወጥ ቤት ይታያል። በጣም የጋለ የምግብ ዘይት ነበልባሉ ቢጠፋለትም ሙቀቱ እንዳለ ስለሆነ ራሱን በራሱ እንደገና ያቀጣጥላል። ለዚህ የተዘጋጀው እንደ ፖታሲየም አሲቴት ያለ ጨው የተበጠበጠበት ማጥፊያ ነው። በደቃቁ እየተረጨ ከጋለው ዘይት ጋር ሲገናኝ የዘይቱን ገጽ ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል፤ የሳሙናው አረፋ ተንን ያፍናል፤ ውኃውም ያበርዳል። ስብና አልካሊ አፍልቶ ሳሙና የማብሰል ጥንታዊ ጥበብ ወጥ ቤትን ለማዳን ዋለ ማለት ነው።

ሃሎን፤ የማያልቀው አቶም

የሰንሰለት ትምህርት ፍጹም ፍሬውን ያሳየው በሃሎን ነው። ሃሎን ብሮሚንና ፍሎሪን ያለባቸው የካርቦን ውሑዶች የጋራ ስም ነው። ሃሎን 1301 በአንድ ክፍል አየር ውስጥ ከመቶ 5 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን ነበልባልን ያጠፋል፤ በዚህ መጠን ሰው ለአጭር ጊዜ ሊተነፍሰው ይችላል። ምሥጢሩ በብሮሚን አቶም ላይ ነው። አቶሙ በነበልባሉ ውስጥ ሃይድሮጅንን ይይዛል፤ ከዚያም ሃይድሮክሲሉን ወደ ውኃ ለውጦ ራሱ እንደገና ነጻ ይወጣል፤ ነጻ ወጥቶም ሌላውን ይይዛል። አንዱ አቶም ሳያልቅ ብዙ ሰንሰለት ስለሚበጥስ ጥቂቱ ይበቃል። ኮምፒዩተር ክፍሎች፣ ታንኮች፣ መርከቦችና አውሮፕላኖች ሁሉ በሃሎን ታጠቁ።

ግን ሃሎን እጅግ ጽኑ ውሑድ ስለሆነ በታችኛው አየር ሳይፈርስ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ የፀሐይ ጨረር ሲሰብረው ብሮሚኑ ነጻ ይወጣና ምድርን ከጎጂ ጨረር የሚጋርደውን ኦዞን ያፈርሳል። የሚያፈርስበትም መንገድ ነበልባልን በገደለበት መንገድ ነው፤ አንዱ አቶም ሳያልቅ ደጋግሞ ይሠራል። በመለኪያነት ከሚወሰደው የማቀዝቀዣ ጋዝ ጋር ሲነጻጸር ሃሎን 1301 በኦዞን ላይ ያለው ጉዳት አሥር እጅ ተብሎ ተመዝግቧል። ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተጠቃሚውን ሳንባና ጉበት ሲጎዳ፣ ሃሎን ግን የተጠቃሚውን ክፍል አድኖ የዓለምን ጣራ ጎዳ።

በመስከረም 1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። ያደጉት አገሮች ከ1994 መጀመሪያ ጀምሮ ሃሎን ማምረት አቆሙ፤ ለታዳጊዎቹ የተሰጠው ጊዜ በ2010 አበቃ። ኢትዮጵያም በ1994 ስምምነቱን ተቀብላለች። ይሁን እንጂ ለአውሮፕላን ሞተርና ለጭነት ክፍል ክብደቱ የቀለለና ብርታቱ የተተካከለ ምትክ በቀላሉ ስላልተገኘ፣ በአቪዬሽን ውስጥ ቀድሞ የተመረተው ሃሎን እየተጣራ ማገልገሉን አላቆመም።

«ንግሥተ ሳባ» በሂትሮው

ሃሎን የት ድረስ እንደሚሠራ ያሳየ አንድ አጋጣሚ በራሳችን አየር መንገድ ታሪክ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ሐምሌ 12 ቀን 2013 «ንግሥተ ሳባ» የተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 በለንደን ሂትሮው ጣቢያ ቆሞ፣ ሰው ባልነበረበት ሰዓት ከኋላው አናት ጭስ ታየ። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች በ2015 ባወጡት ዘገባ እንደገለጹት፣ እሳቱ የተነሣው አደጋ ሲደርስ ቦታ ከሚያመለክተው አስተላላፊ መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ነው። ሽቦዎቹ በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ስለነበር ባትሪው በአጭር ዙር ጋለ፤ ሙቀቱም ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው ተዛመተ፤ ከዚያም የአውሮፕላኑ አካል የተሠራበት የካርቦን ጭረትና ሙጫ ድብልቅ መቃጠል ያዘ።

ወደ ውስጥ የገቡት እሳት አጥፊዎች ከጣራው ሽፋን በላይ እሳት መኖሩን ሲያዩ በመጀመሪያ የሞከሩት በእጅ የሚያዝ የሃሎን ማጥፊያ ነበር። እርሱ ግን አልሠራም። ከዚያ በኋላ የጣራውን ሽፋን በኃይል አንሥተው በውኃ ቱቦ አጠፉት። አውሮፕላኑም ተጠግኖ ወደ አገልግሎት ተመልሷል።

ከዚህ የምንማረው ሃሎን ደካማ ነው የሚል አይደለም። ሃሎን የሚበጥሰው የነበልባልን ሰንሰለት ነው፤ ለዚህም ነበልባሉ ዘንድ መድረስና በበቂ መጠን መቆየት አለበት። ከሽፋን በስተጀርባ የተደበቀን፣ ሙቀቱን ከውስጡ የሚያመነጭን እሳት ግን የሚያስፈልገው መግለጥና ማብረድ ነው። በሦስት መቶ ዓመት ምርምር የተገኘው ብርቱ ኬሚካል ባልሠራበት ስፍራ ጥንታዊው ውኃ የሠራው፣ የተነሣው ጉልቻ ትክክለኛው ጉልቻ ስለነበረ ነው።

ነገሩ የአውሮፕላን ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ2024 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ ትልልቅ የሊቲየም ባትሪ የተሸከሙ ተሽከርካሪዎች በየምድር ቤቱ መቆማቸው የማይቀር ነው። በእንዲህ ያለ ባትሪ ላይ ዱቄት ነበልባሉን ለጊዜው ቢጥልም ሕዋሶቹ ውስጥ ያለው ሙቀት እንደገና ያስነሣዋል፤ የሚያስፈልገው ብዙ ውኃና ረጅም ጊዜ ነው። የምድር ቤት ንድፍ የሚሠራ መሐንዲስ ውኃው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚፈስ ከወዲሁ ማሰብ ይኖርበታል።

የማይጠፋው አረፋ

የመጨረሻው ምሳሌ የዘመናዊው አረፋ ነው። በ1967 ፎረስታል በተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ እሳት ተነሥቶ 134 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ቀን ዱቄት በሚነድ ነዳጅ መካከል የጋሉትን ቦምቦች ሊያበርድ አልቻለም፤ አንዳንዶቹም አረፋ የሸፈነውን ነዳጅ በውኃ እያጠቡ አረፋውን ጠርገው አስወገዱት። ከዚህ በኋላ በነዳጅ ገጽ ላይ ቀጭን የውኃ ስስ ሽፋን የሚዘረጋው፣ ፍሎሪን ያለበት አረፋ በየመርከቡና በየአየር ጣቢያው ተስፋፋ። ብርታቱ የመጣው ካርቦንና ፍሎሪን ከተሳሰሩበት ጽኑ ማሰሪያ ነው። ያ ማሰሪያ በእሳት እንደማይበጠስ ሁሉ በአፈር፣ በጉድጓድ ውኃና በሰው ደም ውስጥም በቀላሉ አይበጠስም። ከነዚህ ኬሚካሎች ዋናው የሆነው ፒፎስ በ2009 በስቶክሆልም ስምምነት ከተገደቡት ውስጥ ገብቷል፤ ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። የከርሰ ምድር ውኃ ለሚጠጡ እንደ መቀሌ ላሉ ከተሞች ይህ የሩቅ አገር ወሬ ተደርጎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ለሙያችን የሚተርፈው

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ለእኛ ለመሐንዲሶች ግልጽ ግዴታ ያስከትላል። በሥራ ዝርዝርና በዋጋ ሰነድ ላይ «የእሳት ማጥፊያ፣ ብዛት 12፣ ክብደት 6 ኪሎ» ብሎ መጻፍ ምንም አልጻፉም እንደ ማለት ነው። በየክፍሉ የሚቃጠለው ምንድን ነው፤ እሳቱ ከየትኛው ጉልቻ ሊነሣ ይችላል፤ የተመረጠው ኬሚካል ካጠፋ በኋላ ምን ጉዳት ይተዋል፤ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ዓይነቱ ሊወሰን አይችልም። ለመዝገብ ቤትና ለኤሌክትሪክ ክፍል ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ለወጥ ቤት የጨው ብጥብጡ፣ ለጄኔሬተሩ ዱቄት ወይም አረፋ፣ ለሱቁና ለመጋዘኑ ውኃና ዱቄት እየተለየ መጻፍ አለበት።

ምልክቶቹም በጥንቃቄ ይነበቡ። በአውሮፓ ደንብ «ሲ» የሚለው ፊደል የጋዝ እሳትን ሲያመለክት፣ በአሜሪካ ደንብ ኃይሉ ያልተቋረጠ የኤሌክትሪክ እሳትን ያመለክታል። የምግብ ዘይት እሳት በአውሮፓ «ኤፍ»፣ በአሜሪካ «ኬ» ይባላል። ገበያችን ከሁለቱም ወገን ዕቃ ስለሚያስገባ አንዱን ለሌላው መውሰድ ቀላል ነው። ስለዚህ ከፊደሉ አጠገብ ሲሊንደሩ የያዘው ነገርና የማይሠራበት እሳት ሁሉም ሰው በሚያነበው ቋንቋ ቢጻፍ፣ በመቀሌ በትግርኛ፣ በሌላውም ስፍራ በየቋንቋው፣ ወጪው ጥቂት ጥቅሙ ብዙ ነው።

ሙሌትና ምርመራም የንድፉ አካል ሆነው ይቆጠሩ። የተጋገረ ዱቄት በግፊት መለኪያው ላይ ደህና ይመስላል፤ መለኪያው የሚናገረው ስለ ጋዙ እንጂ ስለ ዱቄቱ አይደለምና። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደርም ይዘቱ የሚታወቀው በመመዘን ነው። ርክክብ ሲደረግ የሚፈርመው መሐንዲስ ሲሊንደሩ መሰቀሉን ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ኬሚካል እንደያዘ፣ መቼ እንደተሞላና በአጠገቡ የሚውሉት ሰዎች አጠቃቀሙን ማወቃቸውን አረጋግጦ ይፈርም። ጎድፍሬ በባሩድ ውኃ ከበተነበት ዘመን ጀምሮ የተገኘው ኬሚካል ሁሉ የሚያጠፋበትና የሚጎዳበት መንገድ አለው። ሁለቱንም አውቆ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚስማማውን የሚመርጥ ሰው ካልተገኘ፣ በግድግዳው የተሰቀለው ቀይ ሲሊንደር ለነዋሪው የሐሰት መተማመኛ ከመሆን አያልፍም።